ለጽንስ የሚደረግ ጥበቃ ሆድ እስኪገፋ ሊቆይ አይገባም

የአበባ እርሻ በኢትዮጵያ ከተስፋፋ ወዲህ በባቱ (ዝዋይ)፣ በሆለታ፣ በሰበታ፣ በቢሾፍቱና በሌሎችም አካባቢዎች በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች የዕለት እንጀራቸውን ከዚሁ ሥራ እንደሚያገኙ የታወቀ ነው። ከእነዚህም ሠራተኞች አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ጽጌረዳውን የሚቆርጡት፣ ትርፉን እምቡጥ የሚቀነጥሱት፣ ግንዱን በርዝመት እየለዩ የሚያስሩትና የሚያሽጉት እነርሱ ናቸው። ዕድሜያቸውም ቢታይ ገና ያላገቡ፣ ወይም አግብተው የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚጠባበቁ ወጣቶች ይበዙባቸዋል።

ወደ ውጭ አገር የሚላክ አበባ ነቁጥ እንኳ እንዳይታይበት ስለሚፈለግ በየጊዜው ፀረ ተባይ መድኃኒት ይረጫል። ረጪዎቹ ብዙውን ጊዜ ወንዶች ናቸው። ጭምብሉ፣ ጓንቱና ቱታው በቅድሚያ የሚታደለውም ለእነርሱ ነው። ነገር ግን የተረጨው መድኃኒት ረጪው ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ አብሮት አይወጣም። ቅጠሉና እሾሁ ላይ ይቀራል። በማግስቱ ያንን ቅጠል ቀኑን ሙሉ ስትነካ የምትውለው ሴቲቱ ነች።

በዚህ ረገድ ስለ እርጉዝ ሠራተኞች የወጣ ሕግ አለ፤ በጎ ሕግም ነው። ይሁን እንጂ ሕጉ ሥራ ላይ የሚውልበት ጊዜና አደጋው የሚደርስበት ጊዜ አይገናኙም። በሆዷ ያለው ጽንስ ወንድ ከሆነ ይህ የጊዜ ልዩነት ዕድሜ ልኩን ሊከተለው የሚችል ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችል ጉዳዩ ሊታሰብበት ይገባል።

ጉዳቱ ምን ዓይነት ነው?

ወንድ ልጅ ሲወለድ ሁለቱ የዘር ፍሬዎቹ ወደ ከረጢታቸው ወርደው መገኘት አለባቸው። አንዳንድ ጊዜ ግን አንዱ ወይም ሁለቱም ሳይወርዱ በሆዱ ውስጥ ወይም በብሽሽቱ አካባቢ ይቀራሉ። በወራቸው ከሚወለዱ 100 ወንዶች መካከል ከ2 እስከ 4 የሚሆኑት ይህ ያጋጥማቸዋል። ከነዚህም ውስጥ ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ወራት በራሱ ጊዜ ይስተካከልላቸዋል። ሳይስተካከል የቀረ እንደሆነ ግን የዘር ፍሬው ከሰውነት ሙቀት ጋር አብሮ ስለሚኖር ዘር የማፍራት ኃይሉ ይዳከማል፤ ልጁ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላም በዘር ፍሬ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ከሌሎች ከፍ ይላል።

ሁለተኛው ጉድለት ሐኪሞች ሃይፖስፔዲያስ የሚሉት ሲሆን የሽንት መውጫው ቀዳዳ በብልቱ ጫፍ መሆኑ ቀርቶ ከሥር በኩል ሲገኝ ነው። ሁኔታው ቀላል ሲሆን ልጁን እምብዛም አያስቸግረውም። ከፍ ያለ ሲሆን ግን ቆሞ መሽናት ያቅተዋል፤ ብልቱም ይጎብጣል፤ ሲያድግ ለጋብቻም ለወሊድም ይቸገራል።

እነዚህ ጉድለቶች ሁሉ ከመድኃኒት የሚመጡ አይደሉም። በዘር የሚወረስ አለ፤ ጊዜው ሳይደርስ ከመወለድ ወይም በክብደት አንሶ ከመወለድ ጋር የተያያዘም አለ። በብዙዎቹም ላይ ምክንያቱ ይህ ነው ብሎ ለይቶ ማመልከት አይቻልም። ሆኖም ከምክንያቶቹ አንዱ እናቲቱ በምትሠራበት ወይም በምትኖርበት ቦታ የሚገኝ ኬሚካል ሊሆን እንደሚችል ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አመልክተዋል።

ነገሩ የሚፈጸመው እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የወንድና የሴት ጽንስ ብልት አይለይም። ወንዱን ወንድ የሚያደርገው የራሱ የዘር ፍሬ የሚያመነጨው ቴስቶስቴሮን የተባለው ሆርሞን ነው። ይህ ሆርሞን ከ8ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ የወንድነት አካላትን ቅርጽ ያስይዛል። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ የሆርሞኑን ሥራ የሚያደናቅፍ ነገር በእናቲቱ ደም በኩል ከደረሰ ቅርጹ ሳይሟላ ሊቀር ይችላል። ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚደረግ ጥንቃቄ ለሌላ ነገር ይጠቅም ይሆናል እንጂ ያለፈውን አይመልስም።

ከፀረ ተባይ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ይህንኑ የማደናቀፍ ጠባይ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት ዲዲቲ በሰውነት ውስጥ ሲፈርስ የሚተወው ዲዲኢ የተባለው ቅሪት የወንዱን ሆርሞን መቀበያ ቦታ ይዞ ሥራውን እንደሚያግድ አሳይተዋል። ሻጋታን ለማጥፋት የሚረጨው ቪንክሎዞሊንም በእርጉዝ አይጦች ላይ ሲሞከር በወንድ ግልገሎቻቸው ላይ ከላይ የተጠቀሰውን ዓይነት ጉድለት አስከትሏል።

የዴንማርክና የደቡብ አፍሪካ ምስክርነት

የአበባና የአትክልት ልማት በግሪን ሐውስ ውስጥ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ከሚካሄድባቸው አገሮች አንዷ ዴንማርክ ናት። በዚያች አገር በፉነን ደሴት በግሪን ሐውስ ይሠሩ የነበሩ እናቶች የወለዷቸው 113 ወንዶች ልጆች ተመርምረው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። ልጆቹ በ3 ወር ዕድሜያቸው ሲታዩ የዘር ፍሬያቸው ሳይወርድ የተገኙት ከመቶ 6.2 ነበሩ። በኮፐንሃገን ከተማ አካባቢ ከተወለዱ ልጆች መካከል ግን በዚያው ዕድሜ ከመቶ 1.9 ብቻ ነበሩ። ከዚህም ሌላ በሥራ ላይ ለፀረ ተባይ የተጋለጡት እናቶች ልጆች የመራቢያ አካላቸው መጠን ካልተጋለጡት ልጆች አነስ ብሎ ተገኝቷል።

ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ በአንድ ጥናት ብቻም ፍርድ አይሰጥም። ነገር ግን ከዚህ ጥናት ትልቁ ትምህርት ሌላ ነው። ዴንማርክ የሠራተኛ ጥበቃ ሕጓ የጠበቀ፣ ቁጥጥሯም የማይናቅ አገር ናት። በጥናቱ የታዩት ሴቶች እርጉዝ መሆናቸው እንደታወቀ ወደ ሌላ ሥራ የሚዛወሩበት ወይም ደመወዝ እየተከፈላቸው ዕረፍት የሚወጡበት ሥርዓት ነበራቸው። ተመራማሪዎቹም ጉዳቱ የታየው ይህ ሁሉ ጥበቃ እያለ መሆኑን ገልጸዋል። ሴቲቱ እርግዝናዋን እስክታውቅና እስክታስታውቅ ያለፉት ሳምንታት ግን ያለ ጥበቃ ያለፉ ነበሩ።

ሁለተኛው ምስክርነት የሚገኘው በአፍሪካ ምድር፣ በደቡብ አፍሪካ ሊምፖፖ ክፍለ ሀገር ነው። እዚያ ወባን ለመከላከል በየቤቱ ግድግዳ ላይ ዲዲቲ ሲረጭ ቆይቷል። የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የሆኑት ፕሮፌሰር ሪያና ቦርንማንና የሥራ ጓደኞቻቸው እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 የተወለዱ 3,310 ወንዶች ሕፃናትን መርምረዋል። እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2003 ዲዲቲ በተረጨባቸው መንደሮች የኖሩ እናቶች የወለዷቸው ወንዶች የመራቢያና የሽንት አካል ጉድለት ይዘው የመወለድ ዕድላቸው ካልተረጨባቸው መንደሮች ልጆች በመቶ 33 በልጦ ተገኝቷል። ከቤት ሳይወጡ የቤት ሥራ በሚሠሩ እናቶች ዘንድ ደግሞ ዕድሉ በመቶ 41 ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በተረጨው ቤት ውስጥ ብዙ ሰዓት የምታሳልፈው እናት የበለጠ መጋለጧ ከዚህ ይታያል።

ይህ ነገር ኢትዮጵያን በቀጥታ ይመለከታታል። ዲዲቲ በኢትዮጵያም ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ለወባ መከላከያ በየጎጆው ሲረጭ ቆይቶ ትንኟ ስለተላመደችው በሌላ መድኃኒት ተተክቷል። ለወባ የመጣው ዲዲቲ ከመጋዘን እየወጣ ለእርሻ፣ በተለይም ለጫት ማሳ ሲውል መቆየቱም የታወቀ ነው። ዲዲቲ ቶሎ አይጠፋም። በሰው ስብ ውስጥ ተከማችቶ ለዓመታት ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ በሚኖሩ እናቶች ጡት ወተት ውስጥ ዲዲቲ ማግኘቱን ገልጾ ሕፃናቱ በቀን የሚወስዱት መጠን የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ከወሰኑት ልክ 3 እጥፍ ያህል መሆኑን አመልክቷል። ይህ ሲባል ግን እናቶች ጡት ማጥባታቸውን ይተዉ ማለት አይደለም። የጡት ወተት ለሕፃኑ የሚሰጠው ጥቅም ከዚህ ሥጋት እጅግ እንደሚበልጥ ሐኪሞች ይስማሙበታል። ሊቆም የሚገባው መርዙ ወደ እናቲቱ የሚደርስበት መንገድ ነው።

ይህን አስተሳሰብ የማይቀበሉ ወገኖችም አሉ። በአሜሪካ በእናቶች ደም ውስጥ የነበረውን ዲዲኢ ከወንዶች ልጆቻቸው ጉድለት ጋር ያስተያዩ ጥናቶች ግልጽ ግንኙነት አላገኙም። ወባ ደግሞ ዛሬም እናትንም ሕፃንንም የምትገድል በሽታ ስለሆነች የመከላከያው ጥቅም ሊዘነጋ አይገባም። ክርክሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን በሰው ቤት ወባን ለመከላከል የሚረጭ መድኃኒትና ነቁጥ የሌለው ጽጌረዳ ለማግኘት የሚረጭ መድኃኒት በአንድ ሚዛን ሊመዘኑ አይችሉም። አንደኛው ሕይወት ለማዳን ነው። ሁለተኛው ለጌጥ ነው። ለጌጥ ሲባል የሚደርስ ሥጋት ትንሽም ቢሆን ተሸካሚዋ ደሃ ሠራተኛና ያልተወለደ ልጇ ሊሆኑ አይገባም።

ሕጉና ጊዜው

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሴቶች ጤና ጠንቅ ናቸው ተብለው በተዘረዘሩ ሥራዎች ላይ ሴቶችን ማሠራት ይከለክላል። ከዚህም ሌላ እርጉዝ ሠራተኛ የምትሠራው ሥራ ለራሷ ወይም ለጽንሱ አደገኛ መሆኑ በሐኪም ሲረጋገጥ ወደ ሌላ ሥራ እንድትዛወር ያዛል። ከመውለዷ በፊት የ30፣ ከወለደች በኋላ የ90 ቀን ዕረፍት ከደመወዝ ጋር ይሰጣታል። በወረቀት ላይ ሲታይ የሚነቀፍ አይደለም።

ችግሩ ያለው የሐኪሙ ማስረጃ ከሚመጣበት ጊዜ ላይ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው በእርግዝናዋ የመጀመሪያ 3 ወራት ውስጥ ለክትትል ወደ ጤና ተቋም የሄደችው ከ5 ሴቶች አንዷ ያህል ብቻ ናት። የወንዱ ጽንስ ቅርጽ የሚይዘው ደግሞ በዚሁ ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከ5ቱ አራቱ ሐኪም ፊት በሚቀርቡበት ቀን ወይም ጭራሹኑ ሳይቀርቡ በሚቀሩበት ጊዜ የተፈጸመው ነገር ተፈጽሟል። የወሊድ ዕረፍቱም ለእናቲቱ ጉልበትና ለአራሱ እንክብካቤ እጅግ ያስፈልጋል እንጂ ከዚህ አደጋ የሚያድነው አንዳች ነገር የለም።

ሌላም አለ። በጊዜያዊ ውል ተቀጥራ የምትሠራ ወጣት ማርገዟን ገና ስትጠረጥር ለተቆጣጣሪዋ ለመናገር አትደፍርም። ውሉ ሳይታደስ ይቀራል ብላ ትፈራለች። የቀን ሒሳቧ ይቀነስብኛል ብላም ትሠጋለች። ስለዚህ ነጠላዋን ወይም ሽርጧን ላላ አድርጋ ሆዷን እየሸፈነች እስከምትችለው ድረስ ትሠራለች። ጥበቃው እንድትናገር ሲጠብቃት እርሷ ደግሞ በፍርሃት ዝም ትላለች። በዚህ መካከል የሚጎዳው የሚናገርበት አፍ የሌለው ጽንስ ነው።

አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ መፍትሔው ሴቶችን በአበባ እርሻ አለመቅጠር ነው ይል ይሆናል። ይህ ትክክል አይደለም። ለብዙዋ የገጠር ወጣት ይህ ሥራ በእጇ የገባ የመጀመሪያ ደመወዟ ነው። ታናናሾቿን የምታስተምርበት፣ እናቷን የምትጦርበት፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻን እምቢ የምትልበት አቅም ከዚሁ ይገኛል። ለመርዙ ሲባል ሴቲቱን ማባረር ጥፋተኛውን ትቶ ተበዳዩን መቅጣት ይሆናል። ደግሞም የወንዱ ሠራተኛ ሰውነት ከመርዝ የተጠበቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ዲቢሲፒ የተባለውን የአፈር ተባይ ማጥፊያ በሚያመርት ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩ ወንዶች ዘር አልባ ሆነው መገኘታቸው ይህንኑ ያስረዳል። ስለሆነም መለወጥ ያለበት መድኃኒቱና አሠራሩ እንጂ ሠራተኛዋ አይደለችም።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ጥበቃው እርጉዝ መሆኗ ለተረጋገጠላት ሴት ብቻ ሳይሆን ወደ ግሪን ሐውስ ለሚገባ ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መሰጠት አለበት። ጓንትና ቱታ ለረጪው ብቻ ሳይሆን ለቆራጯም ያስፈልጋታል። በየመድኃኒቱ ዕቃ ላይ ከተረጨ በኋላ ስንት ሰዓት ሳይገባበት መቆየት እንዳለበት ተጽፏል። ያ ሰዓት ሳይሞላ አበባው ደረሰ፣ አውሮፕላኑ ሊነሣ ነው ተብሎ ሠራተኛ ማስገባት በጥብቅ ሊከለከል ይገባል። በየግሪን ሐውሱ በር ላይ የተረጨበትና መግባት የሚፈቀድበት ሰዓት ሠራተኛዋ በምታነበው ቋንቋ ወይም በቀለም ምልክት ቢለጠፍ ተቆጣጣሪውም ሠራተኛዋም አይታለሉም።

ሁለተኛ፣ አረገዝሁ ብላ የጠረጠረች ሠራተኛ የሐኪም ወረቀት እስክታመጣ ሳትጠበቅ በቃሏ ብቻ ታምና ደመወዟ ሳይነካ ወደማይረጭበት ክፍል እንድትዛወር ቢደረግ ዝምታው ይሰበራል። በኋላ እርጉዝ ሳትሆን ብትገኝ አሠሪው የሚጎዳው በጥቂት ቀናት የሥራ ለውጥ ብቻ ነው። የሠራተኛ ማኅበራትም በኅብረት ስምምነታቸው ውስጥ ይህን ማስገባት ይችላሉ፤ አዲስ አዋጅ መጠበቅም አያስፈልጋቸውም።

ሦስተኛ፣ ሆርሞን የሚያዛቡ መሆናቸው የታወቀ መድኃኒቶች ተለይተው በሌላ መተካት አለባቸው። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ መድኃኒት እንዳይሸጥና ሥራ ላይ እንዳይውል የከለከለ ስለሆነ ምዝገባው ሲታደስ ይህ ጉዳይ እንደ አንድ መመዘኛ ሊታይ ይችላል። በአንዳንድ የኢትዮጵያ የጽጌረዳ እርሻዎች ቅጠሉን የምትመጠምጠውን ደቃቅ ቀይ ሸረሪት የሚበላ ሌላ ደቃቅ ተሕዋስ በመልቀቅ የርጭቱን ብዛት መቀነስ ተችሏል። የሚቻል መሆኑ በአገር ውስጥ ከታየ ሌላው እርሻ የማያደርግበት ምክንያት ሊኖር አይገባም።

አራተኛ፣ ጉዳዩ የአበባ እርሻ ብቻ አይደለም። በመቂና በባቱ አካባቢ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያለማው ገበሬ መርጫውን በጀርባው አዝሎ ሲረጭ ውሎ ማታ ልብሱን የምታጥበው ባለቤቱ ነች። የተረፈው መድኃኒት ከእህሉ ጋር በአንድ ጎጆ ያድራል፤ ባዶው ጀሪካን ታጥቦ የውኃ መቅጃ ይሆናል። ገበሬው ይህን ነገር «መድኃኒት» ብሎ ስለሚጠራው ሳይሆን አይቀርም ከመርዝነቱ ይልቅ ፈዋሽነቱ የሚታየው። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ስለ መጠኑና ስለ ምርቱ ሲያስተምሩ ስለ ልብሱ፣ ስለ ጀሪካኑና ስለ ቤቱም ሊያስተምሩ ይገባል፤ ትምህርቱም ለባልየው ብቻ ሳይሆን ለባለቤቱም መድረስ አለበት። የረጨበትን ልብስ ለብቻው ማጠብ፣ ባዶውን ዕቃ ቀዶ ከአገልግሎት ውጭ ማድረግ፣ እርጉዝ ወይም ልታረግዝ የምትችል ሴት መድኃኒት እንዳትበጠብጥ መከላከል ገንዘብ የማይጠይቁ ጥንቃቄዎች ናቸው።

የተወለዱትም አይዘንጉ

እስከዚህ የተባለው ሁሉ ገና ላልተወለዱት ነው። ጉድለቱን ይዘው ለተወለዱት ደግሞ ሊደረግላቸው የሚችል ብዙ ነገር አለ። የዘር ፍሬው እስከ 6 ወር ዕድሜው ያልወረደ ሕፃን ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት። ቀዶ ሕክምናው ከ18 ወር በፊት ቢደረግለት ዘር የማፍራት ተስፋው የተሻለ ይሆናል። የሽንት ቀዳዳውም ጉድለት በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል።

እዚህ ላይ እያንዳንዱ ወላጅ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ቁም ነገር አለ። የሽንት ቀዳዳው ከሥር የሆነ ሕፃን መገረዝ የለበትም። ሐኪሙ ጉድለቱን የሚጠግነው ብዙ ጊዜ ከዚያው ከሸለፈቱ ቆዳ ወስዶ ነው። ሕፃናት በተወለዱ በ8ኛው ቀን በሚገረዙበት አገር ገራዡ ሳያስተውል ቆርጦ የሚጥለው ቆዳ ለልጁ ሁለተኛ የማይገኝ መጠገኛው ነው። ስለዚህ አዋላጇ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ገራዡ ከግርዛት በፊት ሕፃኑን በብርሃን አገላብጠው ማየት ይኖርባቸዋል። አጠራጣሪ ነገር ካዩ ግርዛቱን አቆይተው ወደ ሆስፒታል መላክ ነው። በእምነትም ሆነ በባህል በኩል ያለው ሥርዓት ልጁ ከታከመ በኋላ ሊፈጸምለት ይችላል።

በዚያውም ያዩትን በመዝገብ ላይ ማስፈር ያስፈልጋል። ያልተጻፈ አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረም አይታመንም። በአበባ እርሻዎች አካባቢ የሚገኙ ጤና ጣቢያዎች የወንዶች ሕፃናትን ሁኔታና የእናቶቻቸውን ሥራ ጎን ለጎን ቢመዘግቡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነገሩ ከዴንማርክና ከሊምፖፖ በመጣ ማስረጃ ሳይሆን በአገር ውስጥ ማስረጃ የሚታይ ይሆናል። ሥጋቱ ከመጠን ያለፈ ከሆነም ያው መዝገብ ያሳያል።

እስከዚያ ድረስ ግን እናቶች በነቀፋና በሐሜት መጎዳት የለባቸውም። እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት እርግማን አለባት ተብላ በጎረቤት አፍ ትገባለች። እርሷም አፍራ ልጁን ትሸሽጋለች። የሚሸሸግ ልጅ ደግሞ አይታከምም። የባል፣ የአማትና የጎረቤት ተግባር የእናቲቱን ጥፋት መፈለግ ሳይሆን ልጁን አዝሎ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

የአገሬው ሰው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላል። በ5ኛው ወር የሚሰጥ የሥራ ዝውውር፣ በ9ኛው ወር የሚሰጥ ዕረፍት ለዚህ ጉዳይ እንዲሁ ከጅቡ በኋላ የመጣ ጩኸት ነው። ለአንድ ወንድ ልጅ የወንድነቱ አካል የሚሟላው በ14 ሳምንት ውስጥ ከሆነ የአሠሪውም፣ የተቆጣጣሪውም፣ የሕግ አስከባሪውም ጥንቃቄ ከዚያ በፊት ሊደርስለት ይገባል። ይህም የሚሆነው ሴቲቱ ማርገዟ እስኪረጋገጥ ሳይጠበቅ ዛሬ ጠዋት ወደ ግሪን ሐውሱ ከመግባቷ በፊት ቅጠሉ መድረቁን፣ ሰዓቱም መሙላቱን በማረጋገጥ ነው።